የማን ስንዝር

«ክዳኔን ተይው! ክዳኔ ምንም አልሆነም፤ አፉ ነው የጠበበው።»

«አክስቴ፣ አፉ እንደታዘዘው ነው የተሠራው። አንድ ስንዝር ተባልኩ፣ አንድ ስንዝር አደረግሁ።»

«የድመት ስንዝር!»

«እንግዲህ ስድብ ከጀመርሽ እኔም…»

«ስድብ አይደለም፣ ልኬት ነው። ድመት አምጪና አብረን እንለካ።»

እቶኑ የተከፈተው በጠዋት ነው፤ ጡቦቹ ገና አልበረዱም። በጓሮ በኩል የሚያልፍ ሰው ሙቀቱ ጉልበቱ ላይ ይሰማዋል። ሁለቱ ሴቶች የሚከራከሩት እዚያ ሙቀት ፊት ቆመው ነው። አክስቲቱ በአንድ እጇ ክዳን፣ በሌላው አመድ መጥረጊያ ጨርቅ ይዛለች። የወንድሟ ልጅ ማሰሮ እንደ ሕፃን ታቅፋለች። ክዳኑ ከሥሩ ወደ ማሰሮው አፍ ገብቶ የሚይዝ ክብ ከንፈር አለው። ያ ከንፈር አልገባ ብሎ፣ ክዳኑ የአባቱን ባርኔጣ እንደደፋ ልጅ ከላይ ተቀምጦ ቀርቷል። ሲነኩት ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ሲተዉት ወደ ሌላው።

የአንድ ማሰሮ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም ነበር። ግን በስተኋላቸው፣ በረጅሙ ሳንቃ ላይ፣ ከእቶኑ የወጡት ማሰሮዎች በሙሉ ተደርድረዋል፤ ሆዳቸው ሞላ ያለ፣ መልካቸው የዳቦ ቅርፊት የመሰለ፣ አንዳቸው እንኳ ያልተሰነጠቀ። በሌላው ሳንቃ ላይ ደግሞ ክዳኖቹ አሉ። ከክዳኖቹ አንዱም ከማሰሮዎቹ ለአንዱም አይሆንም።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲሉ እውነታቸውን ነው» አለች አክስቲቱ ክዳኗን በጨርቁ እየወለወለች።

«ልጅ? አክስቴ፣ ጸጉሬ ሽበት ጀምሯል እኮ።»

«ሽበትማ በቅሎም ታወጣለች።»

ከውኃ በርሜሉ አጠገብ፣ በተደፋ ሳፋ ላይ የተቀመጠው የልጅቷ አባት አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለቱም ዞር ብለው አዩት፤ እሱ ግን ወደ ማሰሮዎቹ መመልከቱን ቀጠለ።

በሠፈሩ አባ ስንዝር ነው የሚሉት። ሥራ ቤቱ ውስጥ ማስመሪያም ሜትርም አይገባም፤ ይህን ሕግ ያወጡት አባቱ፣ የልጅቷ አያት፣ ናቸው። አያትየው «እጅ የማይገባበት ማሰሮ ወጥመድ ነው» ይሉ ነበር። ታችኛው ጥግ አይታጠብም፤ ያልታጠበ ጥግ ይሻግታል፤ የሻገተ ማሰሮ ሰው ይሰድባል፤ የሚሰደበውም ሠሪው ነው። ስለዚህ በዚህ ቤት ሁሉም ነገር በእጅ ይለካል። የማሰሮ አፍ አንድ ስንዝር፣ ቁመቱ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ፣ የከንፈሩ ውፍረት የትንሿ ጣት ያህል። ገዢም ሲመጣ መጀመሪያ «እጅህን አስገባ» ይባላል፤ ዋጋ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላም ሕግ አለ። በእሳት ያላለፈ ክዳን ማሰሮ ላይ አይቀመጥም። እርጥብ ለእርጥብ ከተጠጋ ሁለቱም ይጎብጣሉ ይላሉ። «ክዳንና ማሰሮ የሚተያዩት በሠርጋቸው ቀን ነው» የሚለውም ቀልድ የአያትየው ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ማሰሮ የሚሠራው በትልቁ ክፍል፣ ክዳን የሚሠራው ከግድግዳው ወዲያ ባለችው ትንሽ ክፍል ነው። በግድግዳው መሃል መስተዋት የሌላት መስኮት አለች። እህትና ወንድም ዕድሜ ልካቸውን የተጨቃጨቁት በዚያች መስኮት ነው። ወሬ፣ ሐሜት፣ ብርጭቆ ሻይ፣ የተዋሱት ስፖንጅ፣ ሁሉም በእሷ አልፏል፤ እርጥብ ክዳን ግን አልፎ አያውቅም። በዚህም ምክንያት ታላቅ እህቱን ሰው ሁሉ እትዬ ክዳን ይላታል።

ማሰሮውን ያቀፈችው ልጁ ሚጡ ነው የምትባለው። ስሙ የወጣላት ገና ስትወለድ ትንሽ ስለነበረች ነው፤ አሁንም ካደገች በኋላ እጇ አላደገም። በዚያ እጅ ጭቃ አሽታለች፣ የማሰሮ ጆሮ ቀጥላለች፣ ስኒና ጽዋ ሠርታለች፣ እቶን አንድዳለች። ያልተቀመጠችበት አንድ ቦታ ቢኖር ከትልቁ መንኮራኩር ፊት ያለው የአባቷ በርጩማ ነበር። ማሰሮ የሚሠራው እዚያ ነው፤ በዚህ ቤት ደግሞ ማሰሮ ያልሠራ ሰው ሠራተኛ እንጂ ባለሙያ አይባልም። ሚጡ ያንን በርጩማ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው ኖራለች። ባሏ የራስሽን የስኒ ሱቅ ልክፈትልሽ ቢላት «ስኒማ ማንም ይሠራል» ብላ እምቢ ያለችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ያለፈው ብርድ የአባትየውን አውራ ጣት በቁርጥማት ያዘው። ሐኪሙ «ከቀዝቃዛ ጭቃ እጅህን አውጣ» አለው። አባት ሦስት ቀን አኩርፎ ሰነበተና አንዲት የቅመም ነጋዴ ያዘዘችውን ማሰሮ ለሚጡ ሰጣት። ሲሰጣትም በእህቱና በአማቹ ፊት እንዲህ አለ፦ «ይህ ሥራ ከነክዳኑ በደህና ከወጣ በርጩማው ያንቺ ነው። ካልወጣ ግን ሐኪሙም ይቅር፣ ቁርጥማቱም የራሱ ጉዳይ፤ እኔ እመለሳለሁ።»

የቅመም ነጋዴዋ ማሰሮዋን ልትወስድ የምትመጣው ዛሬ ነው።

«ከነክዳኑ ነበር ያልኩት መሰለኝ» አለ አባት በመጨረሻ።

ሚጡ ያቀፈችውን ማሰሮ ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው። «ክዳኑን እኔ አልሠራሁትም።»

«አሁን ደግሞ ወደ እኔ ዞረ!» አለች አክስት።

በዚህ መሃል የጓሮው በር በእግር ተገፍቶ ተከፈተና የሚጡ ባል የእንጨት ሣጥን በሆዱ ተሸክሞ ገባ። አናጢ ነው። ማሰሮዎቹ የሚጫኑበትን ሣጥን ሠርቶ እያመጣ ነበር።

«ምነው? ጩኸታችሁ እስከ መንገድ ይሰማል። እኔማ እቶኑ የፈነዳ መስሎኝ…» አለና ሣጥኑን አስቀመጠ። ከዚያ ክዳኑን አየ። ፊቱ ላይ የባለሙያ ጉጉት መጣበት። ሳያስበው እጁን ወደ ወገቡ ሰደደና ሜትሩን ክርርር አድርጎ ሳበው።

ሦስቱም በአንድ ጊዜ ዞሩ።

«አስገባው!» አለ አባት።

«አባባ፣ ልየው ብቻ ነው እኮ፣ በዓይን…»

«በዓይንህ እይ። ዓይንህ መቼ ነው ከቆርቆሮ መሠራት የጀመረው? ሜትር ለሞተ ነገር ነው። ጭቃ ሕይወት አለው።»

«እኔ እንግዲህ ስለካ የምውለው ሬሳ ነው» አለ አናጢው ሜትሩን እየጠቀለለ። ተቆጥቶ ግን አይደለም፤ ይህን ንግግር ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ሰምቶታል። ክዳኑን አነሳና ገለበጠው። «ይሄ ምን ችግር አለው? ስጡኝ፣ እስከ ማታ በእንጨት አምሮ የተላገ ክዳን…»

«እንጨት!» አለች አክስት።

«እንጨት?» አለች ሚጡ።

«በእኔ ክዳን ፋንታ ሳንቃ ሊከድንበት ነው! ሰማሽው ባልሽን?»

«ሰማሁት አክስቴ። ተወው፣ አናጢ ምን ያውቃል።»

እስካሁን ሲነካከሱ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው አዩት። አናጢው እጆቹን ወደ ላይ አነሳ። «እሺ፣ እሺ። ቢያንስ አስታረቅኋችሁ። አሁን ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። እኔ ሞኙ ልጠይቅ፤ ይሄን አፍ በምን ለካሽው?»

«በስንዝር ነዋ!» ሚጡ ማሰሮውን አስቀምጣ እጇን ዘረጋችበት። አውራ ጣቷ በአንዱ ከንፈር፣ ትንሿ ጣቷ በሌላው ከንፈር፣ ልክክ አለ። «ይኸው። አባዬን ጠይቄዋለሁ። ‹የማን ስንዝር?› አልኩት። ‹የሠሪው› አለኝ። አላልክም?»

«ብያለሁ» አለ አባት።

«ክዳኑስ በምን ተለካ?»

አክስት እንደዚህ ያለ ጥያቄ በሕይወቷ ተጠይቃ አታውቅም። ሥራውን ከእናቷ ከተቀበለች ወዲህ ማንም ክዳን እንዴት እንደሚለካ ጠይቋት አያውቅም። እጇን አነሳችና በአየሩ ላይ ዘረጋችው፤ ከዚያ የሌላውን እጇን ሌባ ጣት አስጠግታ ጨመረችበት።

«ስንዝርና አንድ ጣት።»

«አንድ ጣቱ ምንድን ነው?»

«አንድ ጣቱማ የእሱ ነው» አለች በአገጯ ወደ ወንድሟ እያመለከተች። «የእሱ እጅ ከእኔ በአንድ ጣት ይበልጣል። ልጅ ሆነን እናታችን እጃችንን አስገጥማ ‹ጨምሪለት› አለችኝ፤ ጨመርኩለት። እስከ ዛሬ እየጨመርኩለት ነው። አንድ ቀንም አመስግኖኝ አያውቅም።»

 ከዚያ ሚጡ የራሷን እጅ ከአክስቷ እጅ ጋር መዳፍ ለመዳፍ አጋጠመች። የእሷ በአንድ ጣት ያንሳል። የአክስት ከአባት በአንድ ጣት፣ የሚጡ ከአክስት በአንድ ጣት፤ ነገሩ ይኸው ነበር። ማንም አላጠፋም፤ ሁሉም የተነገረውን አድርጓል። ክዳኖቹ የተሠሩት ለአባቷ እጅ ነው። ማሰሮዎቹ የተሠሩት በእሷ እጅ።

«ሁለት ጣት» አለች ቀስ ብላ። «በሁለት ጣት ጠፋን።» ከዚያ አንድ ነገር ድንገት ታሰባት፤ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ አንተ ግን ማሰሮዎቹ እርጥብ ሆነው በመደርደሪያው ላይ ሳሉ በየቀኑ ታልፍ ነበር። ሁለት ጣት ማነሱን አላየህም?»

አባት በተደፋው ሳፋ ላይ ተመቻቸ። «አይቻለሁ።»

«እና?»

«ሲደርቁ ይሰፋሉ ብዬ ነዋ።»

አክስት ጨርቋን ጣለች። «አንተ ሰውዬ! ዕድሜህን ሙሉ ጭቃ ስታቦካ ኖረህ፣ ሲደርቅ የሚሰፋ ጭቃ አይተህ ታውቃለህ? ጭቃ ሲደርቅ እንደ አሮጊት ነው የሚኮማተረው። እኔን እያየህ!»

አናጢው ሳቁን በሳል ደበቀ። ሚጡ ግን አልሳቀችም።

«እንድሳሳት ፈልገህ ነው?»

አባት አውራ ጣቱን በሌላው እጁ ያዘና አሻሸው። ሲያስብ እንደዚያ ያደርጋል፤ ከብርዱ ወዲህ ደግሞ ሳያስብም ያደርገዋል።

«እንድትሳሳቺስ አልፈለግሁም» አለ። «እንድትጠሪኝ ነበር የፈለግሁት። በየጠዋቱ በዚያ በኩል አልፋለሁ። ‹አባዬ፣ ና እስቲ እየው፣ ይሄ አፍ እንዴት ነው?› ትለኛለች እላለሁ። አንቺ ደግሞ ቀና እንኳ አትዪም። እግርሽ መንኮራኩሩን ይመታል፣ ዓይንሽ ጭቃው ላይ ነው፣ ታዜሚያለሽ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? አለፍኩ።»

ሚጡ ወደ ተደረደሩት ማሰሮዎች ዞረች። በእርግጥ ታዜም ነበር። ደስ ብሏት ነበር። አባቷ ከኋላዋ ሲያልፍ የእግሩን ኮቴ ትሰማ ነበር፤ ዝም ያለው ሥራዋ ስላስደሰተው መስሏት ያን ቀን ሁሉ ይበልጥ ታዜም ነበር።

«ለማንኛውም አሁን ተጠርቻለሁ» አለ አባት፣ ጉልበቱን ይዞ ብድግ እያለ። «ክዳን አለ፤ ለክዳኑ የሚሆን ማሰሮ የለም። የሚሆነውን ማሰሮ የሚያውቅ እጅ ደግሞ ይኸው። ነጋዴዋን ትንሽ ታግሺን እንላታለን። ጭቃ አምጪልኝ።»

«ወንድሜ፣ ሐኪሙ…»

«እትዬ፣ ሐኪሙ ማሰሮ አይሠራም።»

ወደ ትልቁ ክፍል ገባ፤ ሁሉም ተከተሉት። ክፍሉ ረዥምና እርጥብ ነው፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚገባ መንኮራኩሩ በዚያ ብርሃን መሃል እንዲቀመጥ ተደርጓል። አባት ሽርጡን ታጠቀ። በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ የተለመደውን ድምፅ ሰማ፤ ፊቱ ፈካ። ሚጡ የታሸ ጭቃ አምጥታ በፊቱ አስቀመጠችለት። ጭቃውን ስታስቀምጥ በርጩማውን ከሥሯ እየጎተቱባት ያሉ ያህል ተሰምቷት ነበር። ከፊቷም ይነበብ ስለነበር ባሏ መጥቶ ከአጠገቧ ቆመ።

መንኮራኩሩ ዞረ። የአባት እግር ምቱን አልረሳም፤ ጭቃው በመዳፎቹ መሃል ተረጋጋ፣ ተከፈተ፣ ግድግዳው ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። የእውነት የሚያምር ነበር። ሚጡ እንኳ ንዴቷን ረስታ አንገቷን ዘርግታ ታይ ጀመር። አክስት በሩ ላይ ተደግፋ «እይው፣ እይው፤ ሽማግሌው ሊዘል ነው» ትላለች። አባት እየሳቀ የማሰሮውን ሆድ አወፈረው፣ ትከሻውን ሰበሰበው፣ አፉን አሰፋው። ከዚያም ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚያደርገው፣ ዓይኑን ከጭቃው ሳያነሳ እጁን ዘርግቶ በማሰሮው አፍ ላይ አሳረፈ። አውራ ጣት በዚህ፣ ትንሿ ጣት በዚያ። ትንሽ አጠበበው፤ እንደገና ዘረጋ፤ ልክ ነው። መንኮራኩሩን አቆመ፤ ማሰሮውን ከሥሩ በሽቦ ቆረጠው።

«ይኸውላችሁ» አለ። «ስንዝር ማለት ይህ ነው።»

አክስት መጣች። የምትለካው ሳታምነው ቀርታ አልነበረም፤ ልምድ ሆኖባት ነው። እርጥብ ክዳን ስትሠራ እንደምታደርገው እጇን በማሰሮው አፍ ላይ ዘረጋችና አንድ ጣት ጨመረችበት። ጣቷ ከከንፈሩ አልፎ በአየር ላይ ተንጠለጠለ። እጇን አነሳች፤ እንደገና አስቀመጠች። አሁንም ያው ነው። ጣቷን ተወችው፤ ባዶ ስንዝሯ ራሱ ከአፉ ያልፋል።

«ሚጡ፣ ነይ» አለች። «እጅሽን አምጪ።»

ሚጡ እጇን ዘረጋች። አውራ ጣቷ በዚህ፣ ትንሿ ጣቷ በዚያ። ልክክ አለ።

 አባት በመጀመሪያ የልጁን እጅ፣ ቀጥሎ የራሱን አየ። አውራ ጣቱን ለመክፈት ሞከረ። ተከፈተ፤ ግን ድሮ እስከሚደርስበት አልደረሰም። ወደ ውስጥ እንደታጠፈች ቅጠል ሆኖ ቆመ። እንደገና ገፋው። እዚያው ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ለራሱ።

አክስት ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከንፈሯ ሊንቀጠቀጥ ሲል ያዘችው፤ አልያዝ አላት።

«ወንድሜ» አለች፣ «ሰው ሁሉ ልጁ እሱን ስትመስልለት ያያል። አንተ ግን እርጅና ላይ ልጅህን መሰልክ!»

መጀመሪያ የፈነዳው አናጢው ነው። ቀጥላ ራሷ አክስት፣ ግድግዳውን ይዛ። ሚጡ አፏን በጭቃ እጇ ሸፈነች፤ ጭቃው አፍንጫዋ ላይ ቀረ። አባት ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ የልጁን አፍንጫ ሲያይ ግን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ ከሁሉም ዘግይቶ መጣ፤ ከሁሉም ግን ረዘመ። በመጨረሻ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ማሰሮውን ከላይ በመዳፉ ተጭኖ መልሶ ጭቃ አደረገው።

«እንግዲህ ያ እጅ የለም» አለ።

«አለ እንጂ» አለች ሚጡ። «ክዳኖቹ ላይ አለ። አክስቴ፣ ነገሩ ቀላል ነው። እኔ ስንዝርና ሁለት ጣት አደርጋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እጨምርበታለሁ፤ ማሰሮውም ድሮ የነበረውን ይሆናል፤ ያንቺም ክዳን ይገጥማል።»

ይህን ያለችው ሁሉንም ለማስታረቅ ነበር፤ አባትም ራሱን ነቀነቀ። አክስት ግን ሳቋን በአንድ ጊዜ አቆመች።

«አይሆንም።»

«እንዴት?»

«አይሆንም አልኩሽ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው እጅ ስጨምር ኖሬያለሁ፤ የኔ ሥራ ስለሆነ ነው። ክዳን ማሰሮን ይከተላል እንጂ ማሰሮ ክዳንን አይከተልም። አንቺ ሁለት ጣት እየጨመርሽ ስትሠሪ የምትኖሪው የማንን ማሰሮ ነው? የሌለ ሰው እጅ ይዘሽ? አባታችን የአባቱን ጣት ሲቆጥር አላየሁም። በገዛ እጅሽ ለኪ። የሚቀንስ ካለ እኔ እቀንሳለሁ።»

«አንቺ? ይሄን ሁሉ ዓመት የለመደ እጅሽን?»

«እጄን በልማድ አታስፈራሪው። ክዳን ሠሪ ነኝ፤ የተሰጠኝን ነው የምከድነው።» ወደ ወንድሟ ዞር አለች። «ምን ታፈጥብኛለህ? ከበርጩማው ተነስ፤ እርጥብ አፍ ልትሠራልኝ ነው፣ አዲሱን ልክ የምይዝበት።»

አባት ተነሳ። መልስ ለመስጠት አፉን ሲከፍት ከመንገድ በኩል የቅመም ነጋዴዋ ድምፅ ገባ፤ እሷ ሁልጊዜ ከሰውነቷ ድምፅዋ ይቀድማል።

«ቤቶች! እንደምን አደራችሁ! አለቀልኝ አይደል?»

በዚህ ቤት በገዢ ፊት አይጨቃጨቁም። አክስት ጸጉሯን አስተካከለች፤ አናጢው ሣጥኑን አነሳ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሰው አክባሪ ሆኑ። ነጋዴዋ ግን በቀጥታ ወደ ጓሮ አልፋ ከሳንቃው ፊት ቆማለች።

«እነዚህ ናቸው? አንሰው የለም እንዴ?» ወደ አባት ዞረች። «ጌታው፣ ምን ነካህ?»

ሁሉም አባትን አዩ። እሱ በእጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ እየፈረፈረ ነበር።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ» አለ። «ሠሪዋ እዚያ ቆማለች።»

ሚጡ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ጭቃ ሳትጠርግ ወደ ፊት መጣች። «አዎ፣ አንሰዋል። የኔ እጅ ነው የሠራቸው፤ የኔ እጅ ትንሽ ነው። ክዳናቸውም አልሆነም፤ ተሳስተን ነው። አክስቴ አዲስ ትሠራላቸዋለች፤ በሚቀጥለው እቶን ይወጣል። ካልፈለግሽ ግን ሌላ ቦታ ማዘዝ ትችያለሽ፤ አንቀየምም። መጀመሪያ ግን እጅሽን አስገቢ።»

ነጋዴዋ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ወደ አንዱ ማሰሮ ሰደደች። ገባ። ታችኛውን ጥግ በጣቶቿ ዞረችው፤ አወጣችው። ማሰሮውን በአንድ እጇ አነሳችና መዘነችው። ሌላ አነሳች፤ እሱንም እንዲሁ አደረገች።

«ጥሩ ነው፤ የሚይዘው ግን ያነሰ ነው።»

«ቶሎ ቶሎ ትሞዪዋለሽ፤ ቅመምሽ አይከርምም።»

ነጋዴዋ ለአፍታ አየቻትና ከት ብላ ሳቀች። «እጅሽ ያንሳል እንጂ ምላስሽስ ስንዝር ሙሉ ነው! እሺ፤ እወስዳቸዋለሁ። እስከዚያ በጨርቅ እሸፍናቸዋለሁ።» ከዚያ ዓይኗ ወደ ሌላው ሳንቃ ሄደ። «እነዚህስ? ገልብጬ እንደ ሳህን ቅመም ባሳይባቸው እንዴት ያምራሉ! ጨምሩልኝ።»

«ሳህን?» አለች አክስት።

«አክስቴ…»

«ክዳን ነው! እንኳን ሸጬልሽ ገልብጠሽም አታዪውም! ሳህን ከፈለግሽ ሳህን ቤት ሂጂ።»

«እትዬ፣ ማሞገሴ ነው እኮ።»

«ሙገሳሽ ይቅርብኝ። እዚሁ መደርደሪያዬ ላይ ይቀመጣሉ።»

አናጢውና ነጋዴዋ ማሰሮዎቹን በገለባ እየጠቀለሉ ወደ ሣጥኑ ማስገባት ጀመሩ። ነጋዴዋ «ቀስ በል፣ ጣውላ መሰለህ?» ትላለች፤ እሱ «ሕይወት እንዳላቸው ተነግሮኛል» ይላል። ሚጡ ወደ ትልቁ ክፍል ተመለሰችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ለእግሯ ትንሽ ይርቃል፤ ወደ ፊት ሳበችው። ጭቃውን መሃል አስያዘች፤ ከፈተች፤ አፉን አወጣች። አክስት አጠገቧ ቆማ እጇን ዘረጋች።

«አቁሚው። ከእኔ ስንዝር ላይ አንድ ጣት እንቀንስ ማለት ነው።»

«የትኛውን ጣት?»

«ጣት ጣት ነዋ።»

«አይደለም አክስቴ፣ ሌባ ጣትሽና ትንሿ ጣትሽ እኩል ናቸው? እንደገና ልንጨቃጨቅ ነው?»

«እሺ፣ ትንሿ ትሁን።»

«ከነጥፍሯ ወይስ ያለ ጥፍሯ?»

«ይቺ ልጅ! በርጩማ ላይ ከተቀመጠች ገና ጭቃው አልደረቀላትም፣ ጥፍር ትቆጥርብኛለች። ከነጥፍሯ!»

«ቆርጠሽው ብትመጪስ?»

አባት በበርሜሉ ውኃ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ሽርጡን ፈቶ አጠፈውና በመደርደሪያው ላይ አኖረው። ኮቱን ለበሰ፤ ባርኔጣውን አቧራውን አራግፎ ደፋ። በመንገዱ በኩል ባለው በር ላይ ጥቂት ቆሞ ጠበቀ፤ መንኮራኩሩ እንደገና መዞር ጀምሮ ነበር። ጠዋት በዚህ ሰዓት መንገዱ ምን እንደሚመስል አያውቀውም ነበር፤ ፀሐይ ነበር፣ ሰው ነበር። በሩን ቀስ አድርጎ ከኋላው መለሰው።

«እሺ፣ ያለ ጥፍሯ ይሁን» አለች አክስት፣ «ግን ስትለኪ ጣትሽን አትጫኚው፤ አፉ ይጎብጣል።»

«አልተጫንኩም።»

«ተጭነሻል። እይው እዚህ ጋ።»